ውኃ የማያስጠጋ ፖሊስተር፦ የ“ፕላዝማ” ቅቡ ስንት እጥበት ይቆያል?

ክረምት በተቃረበ ቁጥር በጨርቃ ጨርቅ ተራ አንድ ጥያቄ ይደጋገማል። “ይሄ ውኃ ያስገባል?” ሻጩ የጣቃውን ጫፍ ወጥሮ ከብርጭቆ ውኃ ጠብ ያደርግበታል። ውኃው እንደ ብይ ተንከባሎ ይወርዳል። ገዢው ይረካል፣ ዋጋው ይቆረጣል። ይሁን እንጂ ይህ ሙከራ የሚመሰክረው ስለ ዛሬ ብቻ ነው። ያው ጨርቅ ጃኬት ሆኖ ተሰፍቶ፣ አምስት ጊዜ ታጥቦና ተሰጥቶ ምን እንደሚመስል የብርጭቆው ውኃ አይናገርም።

ከጨርቁ ጋር የሚሸጠው ይህ ባሕርይ የራሱ ዋጋ አለው። ለምሳሌ ያህል አንድ አስመጪ 10,000 ሜትር ፖሊስተር ቢያዝና “በፕላዝማ የታከመ ነው” ተብሎ በሜትር 0.20 የአሜሪካ ዶላር ቢጨመርበት፣ ለዚያ ቃል ብቻ 2,000 ዶላር ከፈለ ማለት ነው። የውጭ ምንዛሪ ተመን ከሐምሌ 2016 ዓ.ም. ጀምሮ በገበያ እንዲወሰን ከተደረገ ወዲህ ደግሞ ይህ ጭማሪ በብር ሲሰላ እንደ ቀድሞው ችላ የሚባል አይደለም። ለመሆኑ 2,000 ዶላሩ የገዛው ምንድን ነው? ለስንት እጥበት የሚበቃ ነገር ነው? መልሱ “ፕላዝማ” በሚለው ቃል ውስጥ የለም። ቃሉ የሚገልጸው የአሠራሩን መንገድ እንጂ የዕቃውን ጥራት አይደለም።

“አያስጠጋም” እና “አያስገባም”

በመጀመሪያ ሁለት የሚምታቱ ነገሮች መለየት አለባቸው። ፖሊስተር በራሱ ውኃ የሚጠጣ ክር አይደለም። ጥጥ በተለመደው አየር ውስጥ ከክብደቱ ወደ 8 በመቶ የሚጠጋ እርጥበት ሲይዝ፣ ፖሊስተር የሚይዘው ከግማሽ በመቶ ያነሰ ነው። ታዲያ የፖሊስተር ጃኬት ለምን ይረጥባል? ውኃው የሚሄደው በክሩ ሆድ ውስጥ ሳይሆን በክርና በክር መካከል ባለው ክፍተት ነው። ያልታከመ ፖሊስተር ገጹ ውኃን በመጠኑ ስለሚቀበል ጠብታው ይዘረጋል፣ ክፍተቱን ያገኛል፤ ከዚያ በኋላ የኩራዝ ክር ላምባ እንደሚስብ ጨርቁ ውኃውን ይስበዋል።

ውኃ የማያስጠጋ የሚባለው ጨርቅ የክሩ ገጽ ጠብታውን እንዳይቀበል የተደረገለት ነው። ጠብታው በጎመን ቅጠል ላይ እንዳደረ ጤዛ ክብ ሆኖ ይቆማል፣ ጨርቁ ሲያዘነብል ይወርዳል። ክፍተቶቹ ግን ክፍት ናቸው፤ አየር ያልፋል። ስለዚህም ውኃው ግፊት ካገኘ ይገባል። የቦርሳ ማንገቻ ትከሻ ላይ ሲጫን፣ ሰው እርጥብ አግዳሚ ላይ ሲቀመጥ፣ ዶፍ ሲዘንብ፣ እንዲህ ያለው ጨርቅ ይሸነፋል።

ውኃ የማያስገባው ሌላ ዕቃ ነው። ከጀርባው በፖሊዩረቴን ወይም በፒ.ቪ.ሲ. የተለበጠ ወይም ስስ ሽፋን የተጣበቀበት ሲሆን፣ የሚለካውም የውኃ ዓምድ ግፊት ምን ያህል እንደሚችል በመፈተን ነው። ፕላዝማ የሚሰጠው የመጀመሪያውን ነው። በፕላዝማ ብቻ የታከመን ጨርቅ “ውኃ አያስገባም” ብሎ የሚሸጥ ሰው፣ ዐውቆም ይሁን ሳያውቅ፣ የሌለ ነገር እየሸጠ ነው። ይህ ማለት ግን የተለበጠው ጨርቅ የውጭ ገጹ መታከም አያስፈልገውም ማለት አይደለም። ውጩ ውኃ ከጠጣ ልብሱ ይከብዳል፣ ይቀዘቅዛል፤ የለባሹ ላብ መውጫ ያጣና ከውስጥ ይረጥባል። ለባሹም “አስገባ” ብሎ ዕቃውን ይመልሳል።

ፕላዝማ ሲባል

“ፕላዝማ” ሲባል ለብዙው ሰው ትዝ የሚለው በሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤቶች የተተከለው ቴሌቪዥን ነው። መሠረቱ በርግጥ አንድ ነው። ጋዝ ኤሌክትሪክ ሲለቀቅበት ይሰባበርና ኤሌክትሪክ የተሸከሙ ቅንጣቶች ይሆናል፣ ያበራል። ፍሎረሰንት አምፖል ውስጥ የሚታየው ብርሃን ከዚሁ የሚመጣ ነው። በጨርቃ ጨርቅ ሥራ ጨርቁ በዚህ በሚያበራ ጋዝ ውስጥ እንዲያልፍ ይደረጋል። አንዳንዱ ማሽን አየሩ በፓምፕ በተመጠጠ ዝግ ክፍል ውስጥ ይሠራል፤ ሌላው በተለመደው የአየር ግፊት ጨርቁን እያስኬደ ያክማል። የተሰባበሩት የጋዝ ቅንጣቶች ክሩ ላይ ያርፋሉ፣ እርስ በርስ ይያያዛሉ፣ ስስ ሽፋን ይሠራሉ።

በተለመደው አሠራር ግን ጨርቁ ኬሚካል በተበጠበጠበት ገንዳ ይነከራል፣ በመዳመጫ ይጨመቃል፣ ከዚያም ስቴንተር በሚባለው ማድረቂያ ከ150 ዲግሪ ሴንቲግሬድ በላይ በሆነ ሙቀት ይበስላል። ውኃ ይፈጃል፣ ነዳጅ ይፈጃል፣ ፍሳሹም ማጣሪያ ይጠይቃል። ፕላዝማው ደረቅ ሥራ ነው። ገንዳ የለም፣ ፍሳሽ የለም፣ የሚፈጀው ኬሚካል ጥቂት ነው። በአንፃሩ የቫኩም ማሽኑ ውድ ነው፤ ጨርቁ ውስጥ የቀረ እርጥበትም በመጀመሪያ ተመጥጦ መውጣት ስላለበት ሥራውን ያዘገያል።

ሽፋኑ ውፍረቱ ብዙውን ጊዜ በአሥሮች የሚቆጠር ናኖ ሜትር ነው። አንድ ሚሊ ሜትር ለአንድ ሚሊዮን ሲካፈል አንድ ናኖ ሜትር ይሆናል። ስለዚህ የጨርቁ ቀለም፣ ልስላሴና ክብደት አይለወጥም። መልካም ጎኑ ይህ ነው። ድካሙም ከዚሁ ይመነጫል፤ እንዲህ የሳሳ ነገር በአግባቡ ካልተያዘ ለመልቀቅ ብዙ አይፈልግም።

ዘዴው ስም ያገኘበትን መንገድ ማየት ለነጋዴ ይጠቅማል። በእንግሊዝ ፖርተን ዳውን ከሚገኘው የመከላከያ ምርምር ተቋም፣ ወታደሮችን ከኬሚካል ጥቃት የሚከላከል ልብስ ለመሥራት ሲደረግ ከነበረው ምርምር የወጣ አንድ የፕላዝማ ቅብ እ.ኤ.አ. በ2004 ፒ.ቱ.አይ. በሚባል ኩባንያ አማካይነት ወደ ንግድ ገባ። በኋላ ኩባንያው ስሙን ያስጠራው በጫማ፣ መስማት ለተሳናቸው በሚሠራ የጆሮ መሣሪያና በእጅ ስልክ ነው። እነዚህ ሁሉ በሳሙና እየተፈተጉ የሚታጠቡ ዕቃዎች አለመሆናቸው ልብ ይሏል።

አንድ ማሽን፣ ሦስት ዓይነት ውጤት

ገዢን የሚያሳስተው ዋናው ነገር እዚህ ላይ ነው። አንዱ የፕላዝማ ማሽን፣ የገባበት ጋዝ ሲለወጥ፣ ፈጽሞ ተቃራኒ የሆነ ጨርቅ ያወጣል።

በማሽኑ ኦክስጅን ወይም ተራ አየር ቢገባ ፖሊስተሩ ውኃ የሚወድ ይሆናል። ጠብታው አይንከባለልም፤ ወዲያው ይሰምጣል። ፋብሪካዎች ይህን የሚያደርጉት ቀለም፣ ኅትመት ወይም ሙጫ በደንብ እንዲይዝ ሲፈልጉ ነው። ስለዚህ አንድ ደላላ “በፕላዝማ የታከመ” የሚል ወረቀት ቢያቀርብ ውሸት ሳይናገር ለዝናብ ልብስ የማይሆን ጨርቅ ሊያሻሽጥ ይችላል።

ሁለተኛው ዓይነት ፍሎሪን ባለው ጋዝ፣ ለምሳሌ ካርቦን ቴትራፍሎራይድ በሚባለው፣ የክሩን ገጽ ብቻ መለወጥ ነው። ሽፋን አይሠራም፤ በገጹ ላይ የነበሩት አቶሞች በፍሎሪን ይተካሉ። ጨርቁ በወጣበት ቀን ውጤቱ ዐይን ይማርካል። ችግሩ የፖሊስተር ገጽ ድንጋይ አለመሆኑ ነው። ገጹ ላይ ያሉት የሞለኪውል ሰንሰለቶች በጊዜ ብዛት፣ በሙቀትና በእርጥበት ይገላበጣሉ፤ የታከመው ጎን ወደ ውስጥ ይዞራል፣ ያልታከመው ይወጣል። ጨርቁ ሳይታጠብ መጋዘን ውስጥ ተቀምጦ እንኳን ባሕርዩን ሊያጣ የሚችለው በዚህ ምክንያት ነው። በኦክስጅን የተሠራውም ቢሆን ውኃ የመውደድ ባሕርዩ በቀናትና በሳምንታት ውስጥ ይደክማል። ከፋብሪካ ወጥቶ በመርከብ ጅቡቲ፣ ከዚያም በመኪና አዲስ አበባ እስኪደርስ ወራት ለሚፈጅበት ዕቃ ይህ ቀላል ነገር አይደለም።

ሦስተኛው በእውነተኛ ሽፋን የሚሠራው ነው። ጋዙ ራሱ ክሩ ላይ እየተያያዘ እንደ ፕላስቲክ ያለ ስስ ልባስ ይሆናል። ለዚህ የሚያገለግሉት በሁለት ወገን ይከፈላሉ፤ አንዱ ሲልኮን የሚሠሩ እንደ ሄክሳሜቲልዳይሲሎክሳን ያሉት ሲሆኑ፣ ሌላው ፍሎሪን ያለባቸው አክሪሌቶች ናቸው። እጥበት ይችላል ተብሎ ዋጋ ሊጠየቅበት የሚገባው ይህ ሦስተኛው ብቻ ነው። እሱም ቢሆን ሁሉም እኩል አይደለም።

ምን ይገፈዋል?

ከሁሉ በፊት የሚመጣው የጨርቁ ንጽሕና ነው። የፖሊስተር ክር ሲፈተልና ሲሸመን እንዳይበጠስና እንዳይነዝር ዘይት ይቀባል። ከማቅለሚያ በኋላም ከራሱ ከፖሊስተሩ የሚወጡ ደቃቅ ቅሪቶች በሙቀት ወደ ገጹ ይመጣሉ። እነዚህ ተጠርገው ካልጠፉ ፕላዝማው የሚያርፈው በክሩ ላይ ሳይሆን በዘይቱ ላይ ነው። አቧራው ባልተራገፈ ግድግዳ ላይ ኖራ እንደ መቀባት ነው። በመጀመሪያው የሳሙና እጥበት ዘይቱ ሲወጣ ሽፋኑን ይዞት ይሄዳል። የሚያስቸግረው ደግሞ ሁለቱም ጨርቆች፣ በዘይት ላይ የተሠራውና በንጹሕ ክር ላይ የተሠራው፣ በሻጩ የብርጭቆ ሙከራ እኩል ማለፋቸው ነው። ርካሽ የሚሸጥ ጨርቅ አብዛኛውን ጊዜ ርካሽ የሚሆነው ይህን የማጠብ ደረጃ በመዝለል ነው ቢባል ከእውነት አይርቅም። ደህና አምራች በመጀመሪያ ጨርቁን ያጥባል፤ ቀጥሎ በአርጎን ወይም በኦክስጅን ፕላዝማ ገጹን ይጠርጋል፤ ከዚያ በኋላ ነው ሽፋኑን የሚያሳርፈው።

ቀጥሎ የማሽኑ አያያዝ ይመጣል። የኤሌክትሪኩ ኃይል ሲበዛ ወይም ጨርቁ በማሽኑ ውስጥ ሲዘገይ ፕላዝማው መገንባቱን ትቶ መሸርሸር ይጀምራል። የተሰባበረው ቅሪት ገጹ ላይ እንደ ዱቄት ይቀራል፤ ያም በውኃ ይታጠባል። ኃይሉ ሲያንስ ደግሞ ሽፋኑ ርስ በርሱ በደንብ አይተሳሰርም። ሁለቱም ስሕተቶች ናሙናው ላይ አይታዩም።

ሦስተኛው መፈተግ ነው። የጃኬት ክርን፣ የእጅጌ ጫፍ፣ የቦርሳ ማንገቻ የሚያርፍበት ትከሻ፣ የሱሪ ጭን ቀድመው ይሄዳሉ። እዚህ ላይ ፖሊስተር ከጥጥ ይሻላል። ጥጥ ውኃ ሲነካው ያብጣል፣ ሲደርቅ ይሟሽሻል፤ በላዩ ያለው ስስ ልባስ ይሰነጠቃል። ፖሊስተር ግን በውኃ ስለማያብጥ ከሥሩ የሚያናጋው ነገር የለም።

የመጨረሻው ጉዳት የሚመስል ጉዳት ነው። የሳሙና ቅሪት በራሱ ውኃን የሚስብ ነገር ነው። በደንብ ያልተለቀለቀ ጨርቅ ሽፋኑ ሳይነካ እንኳን ይረጥባል። ፍሎሪን ያለበት ሽፋን ደግሞ በእጥበት ጊዜ ሰንሰለቶቹ ተገልብጠው ሊተኙ ይችላሉ፤ መጠነኛ ሙቀት ሲያገኙ ተመልሰው ይቆማሉ። ስለዚህ “ለቀቀ” ከማለት በፊት ልብሱን በንጹሕ ውኃ ደጋግሞ አለቅልቆ፣ አድርቆ፣ አንዱን ጥግ ለብ ባለ ካውያ በስስ ጨርቅ ላይ መተኮስ ይበጃል። ጠብታው ተኩሱ ባረፈበት ቦታ ከተንከባለለ ሽፋኑ አለ ማለት ነው። ካልተንከባለለ ግን ከሻጩ ጋር መነጋገር ይገባል።

የአገር ቤት እጥበት

የውጭ አምራቾች “ከ20 እጥበት በኋላ” ሲሉ የሚያስቡት በማሽን የሚታጠብና በማሞቂያ ማድረቂያ የሚደርቅ ልብስ ሊሆን ይችላል። አዲስ አበባ ውስጥ ብዙው ልብስ የሚታጠበው በእጅ፣ በሳፋ ነው። አንገትጌና እጅጌው በሳሙና ይፈተጋል፣ ይጨመቃል፣ ገመድ ላይ ይሰጣል። ፍትጊያው ሽፋኑን ይበላዋል፤ ገመድ ላይ መድረቁ ደግሞ ሽፋኑን የሚያስነሳውን ሙቀት ይነፍገዋል። በአንድ ጨርቅ ላይ የተገኘ ሁለት ውጤት በዚህ ምክንያት ሊራራቅ ይችላል፤ በማድረቂያ የደረቀው ያልፋል፣ ገመድ ላይ የደረቀው ይወድቃል።

በዓለም አቀፉ የአይ.ኤስ.ኦ. 6330 የእጥበት ደረጃ ውስጥ የማድረቂያው ዓይነት በፊደል ይጻፋል። “ኤ” ማለት በገመድ ላይ የደረቀ ሲሆን “ኤፍ” ማለት በሚሽከረከር ማድረቂያ የደረቀ ነው። ይህች አንዲት ፊደል ለኢትዮጵያ ገበያ ከብዙ ገጽ ማስታወቂያ ትበልጣለች።

ወረቀቱ እንዴት ይነበባል?

አምራቾች በብዛት የሚኩራሩበት የጠብታ ማዕዘን የሚባለው ልኬት ነው። ጠብታው ከጨርቁ ጋር የሚሠራው ማዕዘን ከ90 ዲግሪ ሲበልጥ ጨርቁ ውኃ አይወድም ይባላል፤ ከ150 ዲግሪ በላይ ሲሆን እጅግ ከፍተኛ ነው። ነገር ግን ይህ የሚለካው አንዲት ጠብታ በዝግታ በአዲስ ጨርቅ ላይ ስታርፍ ነው። የሽመናው ሸካራነት ራሱ ማዕዘኑን ከፍ ያደርገዋል። ለዝናብ ልብስ ገዢ ይህ ቁጥር ብቻውን ብዙ አይረባም።

ለንግድ የሚጠቅመው የርጭት ፈተና ነው። በአይ.ኤስ.ኦ. 4920 ወይም በአሜሪካው ኤ.ኤ.ቲ.ሲ.ሲ. 22 ሥር ይገኛል። አሠራሩ ቀላል ነው። ጨርቁ ተወጥሮ በ45 ዲግሪ ይዘነበላል፤ 250 ሚሊ ሊትር ውኃ ከ15 ሴንቲ ሜትር ከፍታ በወንፊት አፍ ከ25 እስከ 30 ሰከንድ ባለው ጊዜ ይፈስበታል። ምንም ካልያዘ 100፣ እዚህም እዚያም ትንሽ ከያዘ 90፣ ጠብታዎቹ ያረፉበት ቦታ ብቻ ከረጠበ 80፣ ከዚያ አልፎ ገጹ በከፊል ከረጠበ 70፣ ሙሉ ገጹ ከረጠበ 50፣ ጀርባውም ከረጠበ 0 ይሰጠዋል። በሜዳና በተራራ ልብስ ንግድ “80 በ20” የሚል አነጋገር የተለመደ ነው፤ ከ20 እጥበት በኋላ 80 ነጥብ ማለት ነው።

ስለዚህ በሰነዱ ላይ “100” የሚል ቁጥር ብቻውን ቢገኝ ከስንት እጥበት በኋላ እንደሆነ መጠየቅ አለበት። ያልታጠበ ጨርቅ 100 ማምጣቱ አያስደንቅም፤ ባያመጣ ነው የሚያስደንቀው። የማርቲንዴል መፈተጊያ ፈተና ከእጥበቱ በኋላ ተደርጎ ርጭቱ ከዚያ በኋላ የተለካ ከሆነ ደግሞ ሰነዱ የበለጠ ይታመናል።

ዋጋውም በዚሁ ስሌት መታየት ይኖርበታል። በሜትር 0.20 ዶላር የተጨመረበት ቅብ አምስት እጥበት ብቻ ከቆየ በእጥበት 4 የአሜሪካ ሳንቲም ፈጀ ማለት ነው። 0.30 ዶላር የተጨመረበት 20 እጥበት ከቆየ በእጥበት 1.5 ሳንቲም ብቻ ይሆናል። ውዱ ርካሽ ሆነ።

ላቦራቶሪ ለማይደርስበት ነጋዴም መንገድ አለ። ሁለት ሜትር ናሙና ለሁለት ከፍሎ አንዱን ግማሽ ቤት ውስጥ እንደ ልማዱ አሥር ጊዜ አሳጥቦ ገመድ ላይ ማድረቅ፣ ከዚያ ሁለቱን ጎን ለጎን ወጥሮ በአትክልት ማጠጫ ያንኑ 250 ሚሊ ሊትር ማፍሰስ። በሚዛን የተለካ ባይሆንም ሳይታጠብ ከሚታይ ጠብታ እጅግ ይሻላል። የሚፈጀው ጊዜ ሁለት ሳምንት ነው።

ጋዙ እና የውጭው ሕግ

ጨርቁን እዚህ ሰፍተው ወደ ውጭ ለሚልኩ ሌላ ስጋት አለ። ለብዙ ዓመታት ምርጥ ውኃ የማያስጠጋ ሽፋን ይገኝ የነበረው ስምንት ካርቦን ካለው የፍሎሪን ሰንሰለት ነበር። እነዚህ ውሁዶች፣ በአጠቃላይ ስማቸው ፒፋስ የሚባሉት፣ በተፈጥሮ አይፈርሱም፤ በውኃና በሰው ደም ውስጥ ይጠራቀማሉ። በስቶክሆልም ስምምነት ሥር ፒፎስ የሚባለው እ.ኤ.አ. በ2009፣ ፒፎአ በ2019 ተመዝግበዋል። ኢትዮጵያም የስምምነቱ አባል ናት።

ሕጉ ከዚያ ወዲህ ጠብቋል። የአሜሪካው የካሊፎርኒያ ግዛት እ.ኤ.አ. ከጃንዋሪ 1 ቀን 2025 ጀምሮ ፒፋስ ሆን ተብሎ የተጨመረበት ጨርቃ ጨርቅ እንዳይሸጥ ከልክሏል፤ ለከባድ ዝናብ የሚሆን የሜዳ ልብስ ብቻ መለያ ተለጥፎበት እስከ 2028 ጊዜ ተሰጥቶታል። ፈረንሳይ እ.ኤ.አ. በፌብሩዋሪ 2025 ባወጣችው ሕግ ከ2026 መጀመሪያ አንስቶ ፒፋስ ያለባቸውን የሸማች ልብሶችና ጫማዎች አግዳለች። የአውሮፓ ኅብረትም ፒኤፍኤችኤክስኤ የሚባለውን፣ የስድስት ካርቦን ወገን የሆነውን፣ በሸማች ልብስ ላይ እ.ኤ.አ. ከኦክቶበር 2026 ጀምሮ የሚገድብ ደንብ በ2024 አጽድቋል። በአውሮፓ ከቀረጥ ነፃ የመግባት መብት ያለው የኢትዮጵያ ልብስ ጨርቁ ከሌላ አገር መጥቶ እዚህ ቢሰፋ እንኳን መብቱን ያገኛል፤ የኬሚካሉን ሕግ ግን ያ መብት አያነሳለትም።

ታዲያ አንዳንድ ሻጮች “ፕላዝማ ስለሆነ ንጹሕ ነው” ሊሉ ይችላሉ። ይህ የግማሽ እውነት ነው። ውኃና ነዳጅ ይቆጥባል፤ እሺ። ነገር ግን ወደ ማሽኑ የገባው ጋዝ ፍሎሪን ያለው አክሪሌት ከሆነ ክሩ ላይ የቀረው ያው ፒፋስ ነው። በፕላዝማ ምርምር ለረጅም ጊዜ ጥሩ ውጤት ሲያስገኝ የቆየው ጋዝ ራሱ ስምንት ካርቦን ያለው ነበር። ጥያቄው “ፕላዝማ ነው?” ሳይሆን “በየትኛው ጋዝ?” መሆን አለበት።

በሲልኮን የተሠራው ከዚህ ሕግ ያመልጣል። ዋጋ የሚያስከፍለው ግን አንድ ቦታ ላይ ነው። ሲልኮን ውኃ ያባርራል፣ ዘይት አያባርርም። ለጋራዥ፣ ለኩሽና፣ ለማደያ ሠራተኛ ልብስ ቅባት ሲነካው ቅባቱ ይሰራጫል፣ ያ ቦታም ከዚያ ወዲያ ውኃ ይይዛል። ለትምህርት ቤት ቦርሳ ወይም ለጃንጥላ ይህ ጉድለት አይቆጠርም።

የት ያዋጣል?

ዕቃው እምብዛም የማይታጠብ ከሆነ ፕላዝማ ገንዘቡን ያወጣል፤ ጃንጥላ፣ ቦርሳ፣ የጫማ ጨርቅ፣ የወንበር ልብስ፣ መጋረጃ። በየሳምንቱ ለሚታጠብ የሥራ ልብስ የሚሆን ግን ከእጥበት በኋላ የተለካ ውጤት ሳይቀርብ ጭማሪ መክፈል አያዋጣም፤ እንዲያውም በፕላዝማ ገጹ ተጠርጎ በተለመደው ገንዳ የተነከረ ጨርቅ የተሻለ ሊቆይ ይችላል። ድንኳንና የመኪና ሸራ ለሚነግድ ደግሞ ፕላዝማ ጥያቄው አይደለም፤ እሱ የሚፈልገው የተለበጠ ጨርቅ ነው።

ግዢው በኤል.ሲ. የሚፈጸም ከሆነ አንድ ነገር መዘንጋት የለበትም። ባንክ የሚመረምረው ሰነድ ነው፤ ጣቃ ፈቶ ጨርቅ አይዳስስም። የሰነዱ ዝርዝር የገለልተኛ ላቦራቶሪ የምስክር ወረቀት ካልጠየቀ ሻጩ ያላቀረበው ነገር የለም፣ ክፍያውም ይፈጸማል። ስለዚህ ኤል.ሲ.ው ከመከፈቱ በፊት የእጥበቱ ብዛት፣ የማድረቂያው ፊደል፣ ከዚያ በኋላ የሚጠበቀው ነጥብና የጋዙ ዓይነት በውሉ ላይ ሊሰፍሩ፣ የምስክር ወረቀቱም የሚጫነውን ዕቃ የምርት ቁጥር ሊጠቅስ ይገባል። ለካታሎግ የተዘጋጀ የአምና ናሙና ውጤት አይበቃም። ናሙናውም ከጣቃው መካከልና ከሁለቱም ዳር ቢወሰድ ይመረጣል፤ በፕላዝማ ማሽን ውስጥ ጋዙና ኤሌክትሪኩ በጨርቁ ስፋት ላይ እኩል ካልደረሱ መካከሉ ያለፈውን ፈተና ዳሩ ይወድቃልና።